የላቦራቶሪው በግና የአምበሯ አራስ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ከአንድ በግ ጋር ተሳፈርኩ። ባለቤቱ ከሾፌሩ ጎን ተሸጉጦ፣ በጉን እግሩን ጠፍሮ ከኋላ ከእኔ እግር ሥር አጋድሞታል። ጭኔ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሞላው ዘንቢል፣ ከሥሬ በግ፣ መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር በጉ ያቃስታል፣ እኔም አብሬው አቃስታለሁ። በስልሳ ዓመት ጉልበት ከዚህ የተሻለ ጉዞ አይጠበቅም።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ወደ በጉ አንገት ሄደ። ጸጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጌ በጣቴ ስዳብስ ባለቤቱ ዞር ብሎ አየኝና ግራ ገባው።

«እማማ፣ በግ የሚዳበሰው ላቱ ጋ አይደል እንዴ? ምን እየፈለጉ ነው?»

«ደም ሥሩን» አልኩት።

ሾፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ጠንቋይ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ቤቴ ገብቼ ዘንቢሌን ሳስቀምጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋብኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻምበልን አስታውሼ ነበር። ሻምበልን ያስታወስኩ ቀን ደግሞ ማሬን ሳላስታውስ አልውልም።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴን ጨርሼ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ክሊኒኳ ዛሬ የለችም፤ ቦታዋ ላይ ፎቅ ቆሞበታል፣ ከሥሩ ሞባይል ይጠገናል፣ ከላዩ ኬክ ይሸጣል። በዚያ ዘመን ግን ስምንት አልጋ፣ አንዲት ሐኪምና ሁለት ክፍል ላቦራቶሪ ነበራት። አንደኛው ክፍል እንደማንኛውም ላቦራቶሪ ደምና ሽንት የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ክፍል ጀርም የሚዘራበት ነበር። እዚያ የሚያዙት ጋሽ ታረቀኝ ናቸው።

ጋሽ ታረቀኝ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ የደምበጫ ሰው፣ ረጅምና ቁጥብ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም፤ የተናገሩትን አይደግሙም። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እኔ የገበሬ ልጅ በሚገባኝ መንገድ ነው። «ከበሽተኛው ቁስል የምንወስደው ናሙና ዘር ነው በይው። ምን ዘር እንደሆነ እፍኝሽ ውስጥ እያለ አይታወቅም። ትዘሪዋለሽ፣ ሲበቅል ታውቂዋለሽ» ይሉኝ ነበር። ጀርሙ ከታወቀ የሚገድለው መድኃኒት ይታወቃል። ካልታወቀ ግን ሐኪሙ በጨለማ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነው፤ ይምታ ይሳት አያውቅም።

መሬቱ የመዳፍ ስፋት ያላት ባለክዳን ጠፍጣፋ ሳህን ናት። አጋር የሚባል ዱቄት በውኃ በጥብጠን በግፊት ድስት እናፈላለን። ሲፈላ የትናንት ሾርባ ይሸታል፤ ሲበርድ እንደተመታ አብሽ ይረጋል። ለብ ብሎ ሳይረጋ በፊት የበግ ደም እንጨምርበትና በየሳህኑ እናፈሳዋለን። አንዳንድ ጀርም ቅምጥል ነው፣ ደም ያልገባበት መሬት ላይ አልበቅልም ይላል። ክዳኑን ትንሽ ከፍተሽ ካቆየሽው ደግሞ ያልጠሩት እንግዳ ይመጣል፤ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ሻጋታ ዳር ዳሩን ይዞ ይገኛል። የመጀመሪያ ሰሞን ሳህኖቼ ሁሉ የከረመ ዳቦ ይመስሉ ነበር። ጋሽ ታረቀኝ አንሥተው አይተው «ይኸ ደግሞ የማን እንግዳ ነው?» ብለው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ሌላ ቁጣ የላቸውም።

ለደሙ ሲባል ክሊኒኳ በጓሮ አንድ ሙክት ትቀልብ ነበር። ሻምበል ብለው የሰየሙት ዘበኛችን ሃምሳ አለቃ ቢያድግ ናቸው። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ «አንድ የማይናገሩ፣ ዝም ብለው ብቻ ሰው የሚያዩ ሻምበል አለቃ ነበሩኝ፣ ቁርጥ እሳቸውን ይመስላል» ብለው ነው ስሙን ያወጡት። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው «ደህና አደሩ ሻምበል» ይሉታል። ለምን በግን አንቱ ይሉታል ሲባሉ «ሃምሳ አለቃ ለሻምበል ይታዘዛላ» ነው መልሳቸው። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት እሳቸው ይይዙልኛል፣ እኔ የአንገቱን ጸጉር ላጭቼ፣ ደም ሥሩን በጣቴ ፈልጌ፣ የአንድ ብርጭቆ ያህል ደም እቀዳለሁ። እንዳይረጋ የመስታወት ዶቃ ባለበት ጠርሙስ አድርጌ እንደ ወተት እንጠዋለሁ። ያን ያህል ጦርነት ያዩ ሰው መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ጋሽ ታረቀኝ በሻምበል ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ሣርና ውኃ። ሌላ ምንም» ብለው ነበር። ምክንያቱን አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። እኔ በበኩሌ ሕጉ የወጣው ሃምሳ አለቃ ከጎረቤት ጠላ ቤት አተላ እያመጡ ስለሚያጠጡት መስሎኝ ነበር። እሳቸውም እንደዚያው ነበር የመሰላቸው።

ሰኔ ገባ። ያ ዓመት ዝናቡ አጥብቆ የገባበት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ ለመሰማማት እንጮህ ነበር። በሩ ላይ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ የሚሸጡ ሴቶች ላስቲካቸውን ከእኛ ጣራ ጋር አያይዘው ይጠለሉ ስለነበር ክፍሉ ሁሉ ድንችና እርጥብ አፈር ይሸታል። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጋሽ ታረቀኝ ወንድማቸው እንዳረፉ ተረድተው ወደ ደምበጫ ሄዱ። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ሲሰጡኝ «እንግዲህ አትጠገብ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» አሉኝ። በኀዘናቸው መካከል መደሰቴ አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እሑድ አጥር የዘለለ ውሻ ሻምበልን የኋላ እግሩን ነከሰው። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ቁስሉ አብጦ፣ ሻምበል ሣሩን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃምሳ አለቃ ጸበል አምጥተዋል፣ ግራዋም ቀጥቅጠው ሊያስሩለት ነው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ቅጠል የሚታሰርበት ዘመን አለፈ እኮ» አልኳቸው፣ ሳቅም አልኩባቸው።

«ቅጠል ከጎዳው እኔን ስቀሉኝ!» አሉ ተቆጥተው።

የአክስቴ ልጅ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ሮጬ ሄጄ ጠራሁት። አይቶ ፔኒሲሊን ወጋልኝ፤ ማክሰኞም ረቡዕም እየመጣ ደገመው። እኛ ቤት ከብት ሲታመም አባቴ ምሳ አይበላም ነበር። እናቴ ሰው ሲታመም «አይዞህ» ትላለች፣ ላም ስትታመም ታለቅሳለች። በዚያ አድጌ ሻምበልን ቁስሉ እየሸተተ ትቼው መግባት አልቻልኩም። የጋሽ ታረቀኝ ሕግ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ሕጉ ስለ አተላ ነበር፣ መድኃኒት ደግሞ አተላ አይደለም። ረቡዕ ሻምበል ሣር መጋጥ ጀመረ። እኔም በለመድኩት ሰዓት ደሙን ቀድቼ የሳምንቱን ሳህኖች አዘጋጀሁ። ቀያይ፣ ለስላሳ፣ አንድም አረፋ የሌለባቸው ነበሩ፤ ጋሽ ታረቀኝ ባዩልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ማሬ መጣች።

ከአምበር ወዲያ ካለ መንደር እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋቢና ነው ያመጧት። ከእኔ አንድ ዓመት ብታንስ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ከተገላገለች ስምንት ቀኗ፣ ካተኮሳት አምስት ቀኗ ነበር። ሕፃኑን አክስቱ ዘንድ ትታው መጥታ ጡቷ በቀሚሷ ላይ ይፈስ ነበር። አባቷ አያ ጌጡ ከአልጋው ግርጌ ቆመው፣ ከጋቢያቸው የዝናብ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ እግሯን በእጃቸው ይዘው ነበር። ሰኔ ለገበሬ እርሻውን ጥሎ የሚመጣበት ወር አይደለም፤ ሞፈሩን መሬት ላይ ጥለው ነው የመጡት።

ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ የማሕፀን ቁስል ጠርጥራ አንድ መድኃኒት ጀመረችላትና በጥጥ የወሰደችውን ናሙና ሰጠችኝ። ዶክተር ሰብለ ከእኔ በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፣ አንቺ እንባባል ነበር። «አትጠገብ፣ የያዛት ምን እንደሆነ ቶሎ ንገሪኝ። ያለኝ መድኃኒት ጥቂት ነው፣ በግምት ልጨርሰው አልፈልግም» አለችኝ።

አያ ጌጡ ጥጡን ወዴት እንደምወስደው ሲጠይቁኝ እንደተማርኩት አስረዳኋቸው። ዘር ነው፣ እዘራዋለሁ፣ ሲበቅል በሽታው ይታወቃል አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። ናሙናውን ቀዩ ሳህን ላይ ዘርቼ ሙቀት ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከተረፈው ጥቂቱን ስላይድ ላይ ቀብቼ፣ ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ቀሪውን አስቀመጥኩት። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው አየሁ። ለአራስ ክፉ ጠላት የሆነው ጀርም እንዲህ ነው የሚታየው። ግን ጥቂት ነበሩ፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ «ነው» የሚለኝ ጋሽ ታረቀኝ አጠገቤ አልነበሩም። የቀለም ዝቃጭ ቢሆንስ? ነገ ሳህኑ ይናገራል ብዬ ሳልጽፈው ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት አያ ጌጡ በውጤት መስጫዋ መስኮት ብቅ አሉ።

«በቀለ ልጄ?»

«ገና ነው አባባ። አንድ ቀን ይጨመርበት።»

ቅዳሜም አልበቀለም። መጀመሪያ መብራቱን ከሰስኩ፤ ዓርብ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሳህኖቹን በጋቢ ጠቅልዬ፣ መሃላቸው የሙቅ ውኃ ጠርሙስ አስገብቼ ነበር ያዋልኳቸው። ነገር ግን ደም በሌለበት ሌላ ሳህን ላይ የዘራሁት የሌላ ሰው ናሙና እንደ ጉድ በቅሏል። እንግዲህ የማሬ ናሙና ጀርም የለበትም ማለት ነው፤ ያየኋቸው መቁጠሪያዎችም የቀለም ዝቃጭ ነበሩ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ «ምንም አልበቀለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱንም ሞኙንም ሆንኩ። ዶክተር ሰብለ አንብባው በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ተስቦ ሳይሆን አይቀርም» ብላ የጀመረችውን መድኃኒት አቁማ በሌላ ለወጠችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ገብቼ አየኋት። ትኩሳቱ ብሶባታል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አባቷን አታውቃቸውም። «ልጄን የት አደረሳችሁት? ስጡኝ እንጂ» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች። አያ ጌጡ «አለ ልጄ፣ ደህና ነው» እያሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ያሳቅፏታል። መቆም አቅቶኝ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት አያ ጌጡ መስኮቷ ጋ መጡ። ፊታቸው በአራት ቀን አሥር ዓመት ጨምሯል። ከስልቻቸው በሶ ጨብጠው ይዘዋል፣ ግን አልቀመሱትም።

«ልጄ፣ ያን የዘራሽውን እስቲ አሳዪኝ።»

«ምንም የለበትም እኮ አባባ።»

«የሌለውንም ቢሆን ልየው።»

እንቢ ማለት አልቻልኩም። ክዳኗን ሳልከፍት ሳህኗን ከመስታወቱ ጋር አስጠግቼ ያዝኩላቸው። አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩት። ገበሬ ማሳ የሚያየው እንደዚያ ነው፤ ከዳር ይጀምራል።

«ይቺ ዳር ላይ ያለችውሳ? አረንጓዴዋ?»

«እሷ ሻጋታ ናት። ክዳኑ ሲከፈት ከአየር የገባች ናት። አረም በሏት።»

«አረሙ በቅሎ ዘሩ ቀረ?» አሉ። ቀጥለው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ «እኛ ዘር ሲቀርብን ዘሩን ብቻ አንከስም። ሙት መሬት አረምም አያበቅል። አረም እያበቀለ ዘሩን የሚያስቀር ከሆነ መሬቱ አንድ ነገር አለበት። ለመሆኑ ምን አበላችሁት?» አሉ።

«የበግ ደም ነው የምንጨምርበት።»

«በጉስ ምን በላ?»

«ሣርና…» አልኩ።

እዚያው መስኮቷ ላይ፣ ሳህኗን እንደያዝኩ፣ ቀኖቹን ቆጠርኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሦስት መርፌ ፔኒሲሊን በሻምበል ደም ውስጥ ነበር፤ ደሙ በሳህኖቼ ውስጥ ነበር። እንደ መቁጠሪያ የተያያዘው ጀርም ደግሞ ከመድኃኒት ሁሉ ፔኒሲሊንን አይችልም፤ ጥቂት ከሸተተው አይበቅልም። ሻጋታ ግን ፔኒሲሊን ምኑም አይደለም። ያየሁት መቁጠሪያ እውነት ነበር። ማሬ ተስቦ አልነበረባትም። የሚያድናትን መድኃኒት ለበግ ሰጥቼ እሷን ከልክያታለሁ።

እዚህ ላይ የማልኮራበትን ነገር ልናገር። ወዲያው አልሮጥኩም። አያ ጌጡን «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ መስኮቷን ዘጋሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ሌላ በግ ፈልጌ፣ አዲስ ሳህን ሠርቼ፣ ናሙናውን እንደገና ብዘራው በሁለት ቀን ይበቅላል፤ «በሁለተኛው ምርመራ ተገኘ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ታረቀኝም ዶክተር ሰብለም «ጎበዝ» ይሉኛል። እንጀራዬ አይሄድም፣ ስሜም አይነሣም። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ግን ያ የጋቢ ጥቅል በዓይኔ መጣ። ሁለት ቀን ማሬ ከየት ታመጣለች?

ስላይዱን ከሣጥኑ አውጥቼ በጭቃው መሃል ሮጥኩ።

ዶክተር ሰብለ በሽተኛ እያየች ነበር። በሰው ፊት ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት፤ በጉን፣ ውሻውን፣ መርፌውን፣ ስላይዱን። ከእኔ ጋር ወደ ላቦራቶሪው መጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ።

«ይኸን መቼ ነው ያየሽው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው አትጠገብ» አለችና ወጣች።

በዚያው ሰዓት ፔኒሲሊኑ ተጀመረላት፤ እስከዚያ የወሰደቻቸው ሁለቱም መድኃኒቶች ያን ጀርም የሚነኩ አልነበሩም። ያን ቀን ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ብቻ ሃምሳ አለቃ ነገሩን ሲሰሙ ያሾፉብኛል ብዬ ስጠብቅ የሻይ ብርጭቆ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቆይተው ቆይተው «ቁስሉን እኮ ያዳነው ጸበሉ ነው። አንቺ ዞር ስትዪ እረጨው ነበር» አሉኝ። ሳላስበው ሳቅኩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። እሳቸውም ፊታቸውን እንደለመዱት ወደ ግድግዳው አዙረው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ማክሰኞ ጋሽ ታረቀኝ መጡ፣ ጢማቸው አድጎ፣ ጥቁር ለብሰው። ኀዘናቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ቆሜ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ጓሮ ሄደው ሻምበል ጀርባ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፣ ቁስሉን አዩ። ከዚያ ተመልሰው «ሌላ በግ ይፈለግ» አሉ። ሃምሳ አለቃ ሰፈሩን ዞሩት። ወሩ የጾም ነው፣ የሚያርድ የለም፤ «አናርደውም፣ ደሙን ብቻ ቀድተን እንመልሳለን» ሲሉ ደግሞ ሰው በሩን ይዘጋባቸዋል። ሦስተኛዋ ሴትዮ የትኛው ጠንቋይ እንደላካቸው ጠይቃቸዋለች። በመጨረሻ የገዛ እኅታቸውን በግ አምጥተው አዲስ ሳህን ሠራን። የተረፈውን የማሬን ናሙና ጋሽ ታረቀኝ በራሳቸው እጅ በአሮጌውም በአዲሱም ሳህን ላይ ዘሩት። በማግሥቱ አሮጌው ባዶ ነበር። አዲሱ ግን ጤዛ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ሞልተውበት፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ ደሙ ተበልቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። በዚያ ሳምንት በቀዩ ሳህን የወጡ ውጤቶችን ሁሉ ሰብስበን ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠርተን ደገምን።

ከሥራ የምባረርበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ሳለ ጋሽ ታረቀኝ መዝገቡን ከፍተው «የሆነውን ሁሉ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። መዝገቡን ወደ ራሳቸው ስበው ከእኔ ፊርማ ሥር በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው እንዲህ ጻፉ፦ «በጉን አትንኩ አልኳቸው እንጂ ለምን እንደማይነካ አላስተማርኳቸውም። የጥፋቱ እኩሌታ የእኔ ነው።» ፈርመው ዘጉት። እኔ ይኸን ሰው በሕይወቴ ሙሉ እወዳቸዋለሁ።

ማሬ ረቡዕ ከሰዓት አባቷን አወቀቻቸው። ዓርብ አጥሚት ጠጣች። በሳምንቱ ልጇን አምጥተውላት፣ ወተቱ ሊደርቅ ምንም ያልቀረውን ጡቷን ሲይዝ በአልጋው ዙሪያ የነበርን ሴቶች ሁሉ እልል አልን።

ሊሄዱ ሲሉ አያ ጌጡ አንድ ቅል ማር ይዘው መስኮቷ ጋ መጡ። «ልጄን አተረፍሽልኝ። እጅሽ ይባረክ፣ ውለጂ ክበጂ» እያሉ እጄን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ነገሩን በሆዴ መያዝ አልቻልኩም። ዶክተር ሰብለ ስለ በጉ አልነገረቻቸውም ነበር። እኔ ነገርኳቸው። የዘገየው በእኔ ነው፣ መሬቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ያየሁትንም የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ድንች ሻጮቹ ሳይቀሩ የሰሙን መሰለኝ።

«ለበጉ አዝነሽ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ለእንስሳ ያላዘነ ለሰው አያዝንም። እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉና ማሩን መስኮቷ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን አልፎ አልፎ ሥራ የሚጀምሩ ልጆች ሲሰበሰቡ እንዳወራላቸው ይጠሩኛል፣ ይኸን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በሻምበል ይስቃሉ። «በጉስ ምን በላ?» ላይ ስደርስ ቀና ይላሉ። አያ ጌጡ ይቅር ሲሉኝ እንባ የሚያብሱ አሉ። እዚያ ላይ አቆማለሁ፣ ያጨበጭባሉ፣ ሻይ እንጠጣለን።

የአያ ጌጡ ነገር ግን እዚያ ላይ አላለቀም ነበር። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ክንዳቸውን መስኮቷ ላይ አስደግፈው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ያለ ቁጣ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ማሬ ሞታ ቢሆን ይኸን አልልሽም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ሄዱ።

ብዙ ዓመት ያቺ ንግግር አቁስላኛለች። የሰጡኝን ይቅርታ መልሰው የወሰዱብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገርኳትም። አሁን ሳስበው ምንም አልወሰዱብኝም። ማሬ ብትሞትም ያዘንኩት ያው ኀዘን፣ ያጠፋሁት ያው ጥፋት ነበር፤ ማር የሚሰጧትን ልጅና የሚረግሟትን ልጅ የለየው የእኔ ደግነት አልነበረም። አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት አራስ፣ ምንም ረዳት ሳይኖራት፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ በገዛ ሰውነቷ ተዋግታ ቆየች። በሚቀጥለው ሲጠሩኝ ይኸንንም ጨምሬ እነግራቸዋለሁ። ማሬን እኔ አላዳንኳትም፤ እስክደርስ የጠበቀችኝ እሷ ናት።